ቀኑን ማታ የሚለውጥ ሰዓት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድም ሰዓት አልነካሁም። አሠሪዬ ጋሽ ደስታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደብረ ማርቆስ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ሥር ነበር የሚሠሩት። ያላቸው ዕቃ ሁሉ አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ዓይን ላይ የምትያዝ ማጉያ መነጽር፣ ወረንጦዎች፣ ከስፌት መርፌ ብዙም የማይወፍሩ ካቻቢቴዎች፣ ማሽን ማጠቢያ ቤንዚን በጠርሙስ። «እዚህች ተቀመጥ። እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ። እኔ ሰው ስጠይቅ አንተ ስማ» አሉኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ሥራ ማለት እጅን ማንቀሳቀስ ይመስለኝ ስለነበር ተናደድኩ። ግን ተቀመጥኩ።

ጋሽ ደስታ ሰዓት ጠግነው ሲጨርሱ ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቁታል፤ «በሐበሻ ላስተካክልልዎ በፈረንጅ?» ይኼን ማንም ያውቀዋል። የቀን መስኮት ያለው ሰዓት ከሆነና ሰውየው በሐበሻ ካለ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል። «ቀንዎ የሚለወጠው መቼ ነው?» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእጅ ሰዓት ቀኑን የሚለውጠው አሥራ ሁለት ላይ ነው፤ ያውም አሥራ ሁለትን ሁለት ጊዜ ሲያልፍ አንዴ ብቻ። ፈረንጅ የሠራው ለእኩለ ሌሊት አስቦ ነው። በእኛ አቆጣጠር ስታስተካክለው ግን አሥራ ሁለት ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት፤ ስለዚህ ቀኑ ወይ ጀምበር ስትወጣ ወይ ስትጠልቅ ይለወጣል ማለት ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ሰዓት ሠሪው ነው፤ ቆጣሪዎቹን አንድ ዙር ጨምሮ ማዞር ወይም አለማዞር።

በዚያው ዕለት ከደብረ ኤልያስ የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ ሰዓቱን ፈቶ ሳጥኑ ላይ ወርወር አደረገው። «ይኼ ሰዓት አብዷል። ገና እራቴን ሳልበላ ነገ ሆኗል ይለኛል» አለ።

ጋሽ ደስታ አንስተው አዩት፤ ማዞሪያውን ሳብ አድርገው ቆጣሪዎቹን አንድ ዙር አዞሩና መለሱለት። «አላበደም። ባለፈው ከእርስዎ ፊት የመጡት ቄስ ነበሩ፤ እጄ የእሳቸውን ይዞ ቀርቶ ነው። ለቄስ ቀን ከዋዜማው ይገባል። የእርስዎ ጠዋት ይሁን?»

«ጠዋት ነው እንጂ! ሰው ተኝቶ ሳይነሣ ቀን ይለወጣል እንዴ?» እያለ ሰውየው አስሮ ሄደ።

ጋሽ ደስታ ወደ እኔ ዞር ብለው «ሰማህ?» አሉኝ። ሰማሁ አልኩ። የዚያን ቀን ትምህርት ይኸው ብቻ ነበር።

በእኛ ሙያ ሹመት የለም፤ ማዕረግ ግን አለ። መጀመሪያ ማሰሪያ ቀያሪ ትሆናለህ፣ ቀጥሎ መስታወት ቀያሪ፣ ቀጥሎ የባትሪ ድንጋይ ቀያሪ። ማሽን ከፋች የምትባለው የሰው ሰዓት በትነህ፣ አጥበህ፣ መልሰህ ገጥመህ አንዲት ብሎን ሳትተርፍህ ስትነሣ ነው። እኔ ማሽን ከፋች ስሆን ጋሽ ደስታ መነጽሯን ከዓይናቸው አውርደው ሰጡኝና ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ማጫወት ሥራቸው ሆነ። ሲያርፉም በረንዳዋ፣ ሳጥኗና ጥያቄያቸው ለእኔ ቀሩ።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራቸው፤ እጃቸው ላይ ሰዓት አያስሩም፣ እኔንም ከልክለውኛል። «ካሰርክ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለህ። የእኔ እንዲህ ይላል ትላለህ። የአንተን ማን ጠየቀህ?» ይሉ ነበር። ለሌላው ሰው ስጠግን ኖሬ እጄ ባዶ መሆኑ ደስ ባይለኝም ብዙ ዘመን ታዘዝኳቸው።

ልቤ ያለው ክሮኖግራፍ ላይ ነበር። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ክሮኖግራፍ ገጹ ላይ ትንንሽ ክቦች ያሉት፣ ከማዞሪያው በላይና በታች ሁለት ቁልፎች የወጡለት ሰዓት ነው። የላይኛውን ስትጫን መሐል ላይ ያለው ረጅም ቆጣሪ ይነሣል፤ ዳግም ስትጫን ይቆማል፤ የታችኛውን ስትጫን ወደ ቦታው ይመለሳል። ሩጫ ትለካበታለህ፣ እንቁላል ትቀቅልበታለህ፣ እንደፈቀድክ። ካልተጫንከው ግን ረጅሙ ቆጣሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይውላል፤ የሰዓቱን ሰከንድ የሚቆጥረው ከትንንሾቹ ክቦች አንዱ ነው። ይህችን ነገር ለደንበኛ ሳስረዳ ነው ዕድሜዬ ያለቀው።

አንድ ሮብ በገበያ ቀን አንድ ሙሽራ አማቹ የሸለሙትን ሰዓት ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። «አያ ባየልኝ፣ ሞቶ ነው የሰጡኝ። እዩት፣ አይንቀሳቀስም» አለኝ። ቁልፏን ተጫንኩለት። ረጅሙ ቆጣሪ ሲነሣ ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይኼን አሁን መልሰህ አቁመው፤ እንዲሁ ከተውከው ድንጋይ ይጨርሳል» አልኩት።

«ይጨርስ! የቆመ ሰዓት አስሮ ይዞራል እንዲሉኝ ነው?»

ሳያቆመው ሄደ። በየጥቂት ወሩ ድንጋይ ሊያስቀይር ይመጣ ነበር፤ እኔም መምከሬን ተውኩት። እንዲህ ያለ ደንበኛ አንድ ብቻ አይደለም። ሠላሳ አንድ የሚባል ቀን አገራችን ውስጥ ስለሌለ በየወሩ መባቻ ቀን የሚያስተካክለው ይሰለፋል። ከእንቁጣጣሽ በኋላማ አይጣል ነው፤ ጳጉሜን አልቃ መስከረም አንድ ለማድረስ የቀኑን ቁጥር ወሩን ሙሉ ማዞር ነው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ የሚዘረጉ አሉ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። ልጆቹ ሰዓት ምን ያደርግልናል አሉ። ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬ የስልክ ሽፋን ወደ መሸጥ ዞረ፤ እኔ እምቢ ብዬ ቀረሁ፤ ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ሌላ ነገር መጀመር ስለደከመኝ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መብራት መጥፋት ሲበዛ ስልኩ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ከቁም ሣጥን ሥር የጣለውን ሰዓት ፈልጎ መጣ። ሥራ በዛልኝ። የመጣው ግን ዓይኔ ከፈዘዘ፣ ወገቤ ከጎበጠ፣ ጣቴ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ሥራ ሰውን የሚፈልገው ሰውየው ሲያልቅ መሆኑ ያናድደኛል።

የእኔን ሰዓት ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። የስዊስ ሰዓት ሲባል ሚሊየነር ብቻ የሚያስረው ይመስላል። መለስተኛ አቅም ላለው ወንድ የሚሠሩም አሉ። ወርቅ የላቸውም፣ በድንጋይ የሚሠሩ ናቸው፣ አንዱ ዓይነት ማሽን በብዙ ዓይነት የሰዓት ቀፎ ውስጥ ይገባል። ብረታቸው ግን ብረት ነው። ከፎርጅዱ ለመለየት ቁልፏን መጫን ይበቃል፤ ጠቅ ትላለች፣ አትልመጠመጥም። ፎርጅዱ ላይማ ትንንሾቹ ክቦች ሥዕል ሆነው አገኛቸዋለሁ። አዲስ አበባ ያለ ዕቃ የሚልክልኝ ነጋዴ የድሮ ባለ ሞላ ሰዓት ማሽኖች ይፈልግ ነበርና ዘመኔን ሙሉ ያጠራቀምኩትን አንድ ጣሳ ማሽን ሰጠሁት፤ እሱ ጥቁር ገጽ ያለው የስዊስ ክሮኖግራፍ ሰጠኝ።

ባለቤቴ እታገኝ እጄን አገላብጣ አየችና «ዕድሜህን ሙሉ ሰዓት ስታይ ኖረህ አሁንም ሰዓት?» አለችኝ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ለጋሽ ደስታ ሕግ ስል በሥራ ላይ በሹራቤ እጅጌ ሥር እደብቀዋለሁ፤ ማንም አያየውም። ቀኑንም እንደ ቄሶቹ ማታ እንዲለወጥ አደረግኩት። ቄስ ሆኜ አይደለም። ሳጥኔን ዘግቼ ቤቴ ስገባ ቀኑ እንዲያልቅልኝ ፈልጌ ነው። አሥራ ሁለት ሲሆን ቁጥሯ ተንሸራታ ስትለወጥ አይና የዛሬው በቃ እላለሁ። ከዚያ ሰዓት ያገኘሁት ትልቁ ጥቅም ይኼ ነበር፤ ሩጫማ የምለካው የለኝም።

የእኔን ዓይነት ማሽን ያለው ሌላ ሰዓት በከተማው ውስጥ አንድ አውቅ ነበር፤ የመምህር አንዷለም። መምህር አንዷለም የስፖርት አስተማሪ ነበሩ፤ ግማሹን የከተማ ልጅ ያስሮጡ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ተማሪዎቻቸው ተዋጥተው ያን ሰዓት ሸለሟቸው፤ ጀርባው ላይ «ለመምህራችን» ተብሎ ተቀርጿል። ሁሉን ነገር ይለካሉ፤ ከቤታቸው እስከ በረንዳዬ የሚወስደውን፣ ባጃጅ የሚቆይበትን፣ የቅዳሴውን ርዝመት ሳይቀር። ድንጋይ የምቀይርላቸው እኔ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን «ቀንዎ የሚለወጠው መቼ ነው?» ብያቸው «ጠዋት ነው የኔ ወንድም፣ ልጆቹን ይዤ የምወጣው ጎሕ ሲቀድ አይደል?» ብለውኛል። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንተ ይሉኛል፤ እኔ እርስዎ እላለሁ።

አንድ ጠዋት ልጃቸው ሰብለ ደግፋ አመጣቻቸው። ከስተዋል። ሆዳቸው ውስጥ እባጭ ተገኝቶ ባሕር ዳር ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ እንደተያዘላቸው ሰምቼ ነበር። ሰዓቱን ፈተው ሰጡኝ። መስታወቱ ከውስጥ አልቦታል፤ ትንሿም ትልቁም ቆጣሪ ቆመዋል።

«ምን አግኝቶት ነው?» አልኩ።

«ወደ ቾቄ ግርጌ ጸበል ሄጄ ነበር። እዚያው እጄ ላይ ቆመ።»

«ጸበሉ እየወረደብዎ ቁልፏን ተጭነዋል?»

«ተጫንኩ እንጂ። ቅዝቃዜውን ታውቀው የለ፣ ምን ያህል እንደምችለው ልለካ ብዬ።»

ሰብለ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔም ሳቄ መጣና ዋጥኩት። ጸበል ሥር ቆሞ ራሱን የሚለካ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው። «መምህር፣ ክሮኖግራፍ ውሃ ውስጥ አይጫኑትም። ቁልፏን መጫን በር መክፈት ማለት ነው፤ ውሃው ገብቷል» አልኳቸው።

«ውሃ አትበል። ጸበል ነው።»

እሳቸው ቀጠሉ። «ስማኝ ባየልኝ። እዚያ የቆምኩት አንድ ነገር ልጠይቅ ነው። ልቀደድ ወይስ ልተወው ብዬ። ምልክት ስጠኝ አልኩ። አፌን ሳልዘጋ ሰዓቱ ቆመ። ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ይመጣል?»

«አባዬ፣ ዕቃ እኮ ነው!» አለች ሰብለ። «ሐኪሞቹ ቀኑ ካለፈ አይሆንም ብለዋል። ይህን ቀጠሮ ስንት ወር ነው የጠበቅነው?»

መምህር አንዷለም እኔን እያዩ ለእሷ መለሱላት። «ባየልኝ ያየው። ከተነሣ እሄዳለሁ። ካልተነሣ ግን አንቺም ሁለተኛ አትጨቅጭቂኝ።»

ሄዱ። እኔ ሰዓቱን ይዤ ቀረሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው ቶሎ አድርስልኝ ብሎ ለምኖኛል፤ የሰው ነፍስ ሳጥኔ ላይ ተጥሎ ሲቀር ግን ይኼ የመጀመሪያው ነው። ተናደድኩባቸውም። እኔ ምን በወጣኝ?

የጀርባ ክዳኑን ከፈትኩ። ክዳኑን የሚያትመው ላስቲክ ደህና ነው፤ ውሃው የገባው በቁልፏ በኩል ነው። ማሽኑን አወጣሁ፣ ድንጋዩን ነቀልኩ፣ በቤንዚን አጠብኩ፣ አምፖል ሥር አደረቅኩ። አዲስ ድንጋይ ስከትለት ምንም የለም። በማጉያው ሳየው እንደ ፀጉር የቀጠነው ጥቅል ሽቦ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። እሱ ከተበላ ማሽኑ አይነሣም፤ መቀየር ነው እንጂ መጠገን የለውም።

አዲስ አበባ ላለው ነጋዴ ደወልኩ። «ማሽኑ አለኝ። መንገዱ ይከፈትና እልክልሃለሁ» አለኝ። የአዲስ አበባው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቷል፤ መቼ እንደሚከፈት እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። ቀጠሮው ግን ደርሷል። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ እጅጌዬ ተሰብስቦ ነበርና የራሴን ሰዓት አየሁት። ያው ማሽን ነው፤ ያውም ደህናው። እጅጌዬን መልሼ ጎተትኩት።

እራት ላይ ለእታገኝ ነገርኳት። «የእኔን ማሽን ብከትለትስ?» አልኩ።

«ከተት እንግዲያ። እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ሰውየው ምልክት ነው የጠየቀው። ምልክቱን እኔ ብሠራው በእግዜር ሥራ ገባሁ ማለት አይደለም?»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ትኩር ብላ አየችኝ። «ስንት ዘመን የሰው ሰዓት ስታስነሣ አንድም ቀን እንዲህ ብለህ አታውቅም። አሁን የከበደህ የራስህ ስለሆነ ነው» አለች። እውነቷን ነው።

በማግስቱ የጠዋት ብርሃን እንዳያመልጠኝ ከሁሉም ቀድሜ በረንዳዬ ደረስኩ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ሻይ አልጠጣሁም። ሽርጤን ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር አያያዝኩት፤ የወደቀ ነገር መሬት ሳይደርስ እዚያ እንዲቀር ነው። የራሴን ሰዓት ከፍቼ ማሽኑን አወጣሁ። ቆጣሪዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ፤ ክሮኖግራፍ ስድስት ቆጣሪ አለው፣ ሦስቱ ከገብስ ፂም አይበልጡም። የእሳቸውን ገጽ በእኔ ማሽን ላይ አሳረፍኩ። ከዚያ የእሳቸውን ቆጣሪዎች መትከል ጀመርኩ። አንዷ ከወረንጦው አምልጣ ጠፋች። ሽርጡ ላይ የለችም። ስፈልጋት ላቤ መነጽሯን አጨለመብኝ፤ በመጨረሻ ሹራቤ ላይ ተሰክታ አገኘኋት። ድሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ከደንበኛ ጋር እየተጨዋወትኩ ነበር የምጨርሰው። አሁን ስጨርስ አንገቴን ማቅናት አቃተኝ፤ ደክሞኝ ነበር፣ ማልቀስም አሰኝቶኝ ነበር።

ቤታቸው ወስጄ ራሴ ሰጠኋቸው። መምህር አንዷለም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የላይኛዋን ቁልፍ ተጫኑ። ረጅሙ ቆጣሪ ተነሣ። ዙሩን እስኪጨርስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። አቆሙት፤ የታችኛዋን ተጭነው መለሱት።

«ምን አደረግከው?» አሉኝ።

«አጠብኩት፤ ተነሣ» አልኩ።

ሰዓቱን እጃቸው ላይ አሰሩ። ከዚያ ሰብለን «በይ ልብሴን አዘጋጂ» አሏት። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር።

የዛገውን ማሽን የራሴ ሰዓት ውስጥ ከትቼ ቆጣሪዎቹን ቦታ ቦታቸው ላይ ተከልኩና መልሼ አሰርኩት። አይሠራም፤ ግን እጄ ለምዶት ባዶውን መሆን እምቢ አለኝ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም። ሰብለ አልደወለችም። ሰውየው ቢላዋ ሥር ከሞተ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ተናግሬ የላክሁት። ይኼ ሐሳብ ሰዓቴን ከማጣት በላይ አሠቃየኝ። የሰው ድንጋይ ስቀይር ተሳስቼ ገልብጬ የከተትኩበት ቀን ሁሉ ነበር።

ብዙ ሳምንት አልፎ አንድ ባጃጅ በረንዳዬ ፊት ቆመ። ሰብለ ቀድማ ወረደች፤ ከዚያ መምህር አንዷለም ትከሻዋን ይዘው ወረዱ። ነጥተዋል፣ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ ግን በራሳቸው እግር ቆመዋል። ተነሥቼ አቀፍኳቸው። «ቀስ፣ ቀስ፣ ስፌቱ!» አሉኝ።

ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ተቀምጠው እንዳረፉ ሰዓታቸውን ከፊቴ አቀረቡት። «ይኼን ሰዓት እንዴት ነው ያስተካከልክልኝ?» አሉ።

ማሽኑን አወቁት መሰለኝ። «ምን ሆነ?» አልኩ።

«ቀኑን ማታ ነው የሚለውጠው።»

በዚያች ቅጽበት ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ሰዓቱን ገጥሜ ስጨርስ ደክሞኝ ስለነበር የሚጠየቀውን ሳልጠይቅ፣ የማውቀውንም መልሳቸውን ሳላስታውስ፣ እጄ እንደለመደው እንደ ራሴ ሰዓት አድርጌ አስተካክዬዋለሁ። በሥራ የመጀመሪያ ቀኔ የተማርኳትን አንዲት ነገር ረሳሁ። «ይቅርታ መምህር፣ አሁኑኑ ጠዋት አደርግልዎታለሁ» ብዬ ማዞሪያውን ልስብ እጄን ስሰድ ሰዓቱን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ተው። እንዳትነካው» አሉ። «ያን ቀን እንዴት እፈራው እንደነበር ለሰው አልተናገርኩም፤ ለሰብለም። የሚቀድዱኝን ቀን። ከሁሉ የፈራሁት ደግሞ የዋዜማውን ሌሊት ነው፤ ነገ፣ ነገ እያልኩ እንዴት አነጋዋለሁ ብዬ። ጀምበር ስትጠልቅ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰዓቱን ሳይ ቀኗ ተንሸራታ ተለወጠች። ያ የምፈራው ቁጥር መስኮቷ ላይ መጥቶ ቁጭ አለ። እኔ አለሁ። ይቺ ልጅ አጠገቤ ሾርባ ታቀዘቅዝልኛለች። ቀኑ ይኼ ነው እንዴ አልኩ። መጥቷል፣ ምንም አላደረገኝም። ተኛሁ። ሲወስዱኝ ነው የቀሰቀሱኝ።»

ሰብለ ወደ መንገዱ ዞራ ቆመች። እኔ ሰዓቱን በሹራቤ ጫፍ ጠረግ አድርጌ ራሴ መልሼ እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው።

ሳስር እጅጌዬ ተሰበሰበ። ጎንበስ ብለው አዩ። «አንተ! የእኔኑ ዓይነት ገዝተሃል ለካ! ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት የምታስረው?» ደግመው አዩት። «ግን ቆሟል።»

«ድንጋይ አልቆበት ነው» አልኩ።

«ሰዓት ሠሪ ሆነህ?» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ ስፌታቸው አመማቸውና ሆዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ እንደገና ሳቁ። ሰብለ አልሳቀችም። ሰዓቴን አየች፣ የአባቷን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ወደ ባጃጁ ሲመለሱ ዞር ብላ ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ፤ መምህር አላዩም።

ያዘዝኩት ማሽን ይህን እስከምጽፍ አልደረሰም። መነጽሯንም ለሌላ ሰው ልሰጥ አስቤያለሁ፤ በቃኝ። ሙያውን ለያዛችሁ የምለው ይህን ነው። ለክሮኖግራፍ ባለቤት ውሃ ውስጥ ቁልፍ እንዳይጫን ንገሩት። ሰዓቱን ስትመልሱለት ቀኑ መቼ እንዲለወጥ እንደሚፈልግ ጠይቁት። ሰው ሲደክመው መጠየቅ ይረሳል። እኔ ረስቼ ደህና ሆነልኝ፤ ሁልጊዜ ግን ደህና አይሆንም።